ስድስቱ የደብረ ወርቅ ጠርሙሶች

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ቅጹን ይዞ በቤተ ሙከራው መደርደሪያዎች መካከል እየዞረ ዕቃ ቆጠረ። ማይክሮስኮፕ ሁለት፣ ሚዛን አንድ፣ ማድረቂያ ምድጃ አንድ። መስኮቱ ሥር ከተደረደሩት ጠርሙሶች ዘንድ ሲደርስ ቆመ።

«ይኼ አረንጓዴ ውሃ ምን ተብሎ ነው የሚጻፈው?» አለኝ።

«አልጌ ነው።»

«ንብረቱ ጠርሙሱ ነው ወይስ ውስጡ ያለው?»

«ጠርሙሱ ከመጋዘን የወጣ ነው። ውስጡ ያለው ከኩሬ የመጣ ነው፤ በየጊዜው ይራባል።»

«እንግዲያውስ ውስጡን እኔ አላየሁም» አለና ጠርሙሶቹን ብቻ ጻፈ።

ፈረምኩ፤ ቁልፉን አስረከብኩ፤ በእግሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከዚህ በታች የምተርከው እሱ አላየሁም ስላለው ነገር ነው።

ሥራ የጀመርኩት በገጠር ጤና ጣቢያ ነው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት በኋላ የላቦራቶሪ ኮርስ ወስጄ ሆስፒታል ተመደብኩ። ደመወዙ የቤት ኪራይና የጤፍ ከሆነ በኋላ ለጫማ አይተርፍም ነበር፤ ስለ ደመወዝ ሌላ የምለው የለኝም። የላቦራቶሪው ክፍል አንድ ረጅም የሲሚንቶ ጠረጴዛና ሦስት ማይክሮስኮፕ ነበረው። ኃላፊያችን ጋሽ ምንውየለት ይባሉ ነበር።

ጋሽ ምንውየለት ቀጭን፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ነበሩ። የነጭ ጋውናቸው የቀኝ ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ አሥር ፍሬ ባቄላ አለ። ወባ ለመፈለግ ደም ሲያዩ ስላይዱን፣ ደሙ የተቀባበትን መስታወት፣ አሥር ጊዜ ባንቀሳቀሱ ቁጥር አንድ ባቄላ ከቀኝ ኪስ ወደ ግራ ኪስ ያሻግራሉ። አሥሩም ባቄላ ሳይሻገር «የለም» ብለው አይጽፉም። ሐኪም ቢቆጣ፣ በር ላይ ያለው ሰው ቢጮህ፣ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ እንዳለ «ቆይ» ይላሉ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። የተጠራጠሩትን ስላይድ ሁለት ጊዜ ያያሉ። አንድ ጊዜ አይተው ውጤቱን በወረቀት ይጽፉና ወረቀቱን ገልብጠው ያስቀምጡታል። ከዚያ ወጥተው ሕንፃውን አንድ ጊዜ ይዞራሉ። ተመልሰው እንደ አዲስ ያያሉ፤ ሁለቱ ውጤት ካልተስማማ ሦስተኛ ሰው ይጠራሉ። ለየት ያለ ነገር ያዩበትን ስላይድ ደግሞ አይጥሉም። ቀን ጽፈው በእንጨት ሣጥን ያኖሩታል። «ዓይን ይረሳል፤ መስታወት አይረሳም» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ሰልፉ ሲረዝምብኝ የአንድ ሕፃን ሰገራ በጨረፍታ አይቼ ምንም የለም ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ ምንውየለት ከጀርባዬ ቆመው ነበር።

«ስንት ጊዜ አንቀሳቀስሽው?» አሉኝ።

የጻፍኩበትን ወረቀት መልሼ ሳብኩት።

«እናትየዋ የት ደረሰች?»

«ወጥታለች።»

«ሂጂና መልሻት።»

እስከ ግቢው በር ሮጬ መለስኳት። ስላይዱን እንደገና ሳየው ትል ነበረው። ጋሽ ምንውየለት እናትየዋ እስክትሄድ ጠብቀው «ስምሽን ማን እንዳወጣልሽ አላውቅም፤ ግን ይታይሽ ነው ያለሽ። ያልታየሽን አትጻፊ» አሉኝ። ስሜ ይታይሽ ነው። ከዚያ በኋላ በሆስፒታል በነበርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ያላየሁትን አልጻፍኩም። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ የሚከተለው የባሰ መሆኑ እንዲታወቅ ነው።

ጋሽ ምንውየለት ጡረታ ወጡ፤ ቆይተውም አረፉ። ወደ ሆስፒታሉ አዳዲስ ማሽኖች ገቡ፤ ዲግሪ ያላቸው ወጣቶች መጡ። በማይክሮስኮፕ የሚሠራው ሥራ እየቀነሰ ሄደ። በዚያን ጊዜ በከተማችን አንድ የምርምር ተቋም ማይክሮስኮፕ የሚችል ቴክኒሻን ፈለገ፤ አመለከትኩና ተዛወርኩ። የቀድሞ ባልደረቦቼ «ከደም ወጥተሽ ወደ ኩሬ ገባሽ» ብለው ሳቁብኝ።

ሥራውን የሚመሩት ዶክተር አንተነህ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸው ከእኔ ያንሳል፤ ፈጣንና ተስፈኛ ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ማይክሮስኮፑ ላይ የኩሬ ውሃ አድርገው አሳዩኝ። ክብ፣ አረንጓዴ፣ ከቀይ የደም ሕዋስ ብዙም የማይበልጡ ነገሮች ነበሩ፤ አልጌ የሚባሉት እነሱ ናቸው።

«በእያንዳንዳቸው ውስጥ ዘይት አለ» አሉኝ። «ዘይቱን አውጥተን በኬሚካል ስንለውጠው ለናፍጣ መኪና ነዳጅ ይሆናል፤ ባዮዲዝል ይባላል። ዘይቱ የሚበዛው ወይም የሚያንሰው እንደ አያያዛቸው ነው። ወይዘሮ ይታይሽ፣ እንደ በሽታ አይዩአቸው፤ እንደ ከብት ይዩአቸው። የእርስዎ ሥራ ማብላት፣ ከብርድ መጠበቅና መመዝገብ ነው።»

እውነትም እንደ ከብት ነበሩ። አየር ይፈልጋሉ፤ በዓሣ ገንዳ ፓምፕና በቀጭን ቱቦ እንነፋላቸዋለን። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆምና ወደ ታች ይዘቅጣሉ፤ ያኔ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ በእጄ እነቀንቃለሁ። ብርሃን ይፈልጋሉ፤ ሲበዛ ግን ይጎዳቸዋል። በበጋ የደብረ ማርቆስ የቀትር ፀሐይ በመስኮት ሲገባ በሦስት ቀን ያነጣቸው ስለነበር መስኮቱን በነጭ ጨርቅ ጋረድኩት። በኅዳርና በታኅሣሥ ቅዝቃዜ መራባት ያቆማሉ። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ አልጌ የሚበሉ ጥቃቅን እንስሳት ይገቡባቸዋል። እነዚያን ቀድሜ የማገኛቸው እኔ ነበርኩ፤ በሆስፒታል የሚንቀሳቀስ ነገር ስፈልግ ነው የኖርኩት።

ምግባቸው ናይትሮጅን ያለበት ጨው ነው፤ ለጤፍ ማሳ ከሚበተነው ዩሪያ ጋር አንድ ዘር ነው። በውሃ አሟሙተን በየሦስት ቀኑ እንሰጣቸዋለን። መዝገቡ ቀን፣ የጠርሙስ ቁጥር፣ ሙቀት፣ ምግብ የሚሉ ዓምዶች አሉት። ምግብ ስሰጥ ምልክት አደርጋለሁ፤ እፈርማለሁ።

በዚህ ሥራ ላይ ሁለተኛ ዲግሪውን ሊሠራ የመጣው ይርዳው ነበር። ይርዳው በደብረ ወርቅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነው፤ ሦስት ልጆች አሉት። በልጅነቱ የቅኔ ተማሪ ስለነበር ቃል ሲሰማ ገልበጥ አድርጎ ማየት ይወዳል። ትምህርት ቤቱ የፈቀደለት ሁለት ዓመት ብቻ ነበር።

የይርዳው ጥናት ቀላል ነበር። ከአምስት ኩሬዎች አልጌ አመጣ። ሁሉንም በአንድ ዓይነት ብርሃን፣ በአንድ ዓይነት ሙቀት፣ በአንድ ዓይነት ምግብ አሳድጎ የትኛው የበለጠ ዘይት እንዳለው ሊያይ ነው። ለእያንዳንዱ ኩሬ ስድስት ጠርሙስ መድበን፣ የአየር ቱቦው ለስድስት ብቻ ስለሚበቃ የአንዱን ኩሬ ከሌላው በኋላ በተራ ነበር የምናሳድጋቸው። የመጨረሻው ተራ ከደብረ ወርቅ አጠገብ ካለ የከብት መጠጫ ኩሬ የመጣው ነበር። ውሃውን ራሱ ይርዳው በጄሪካን ቀድቶ በሚኒባስ አምጥቶታል።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ሥራው በየሦስት ቀኑ ያው ሆነብኝ። ማንም አይታመምበትም፤ ማንም በር ላይ ቆሞ አይጠብቅም። ቀስ በቀስ ሰኞ ጠዋት የሳምንቱን ምልክት በአንድ ጊዜ ማድረግ ጀመርኩ። ቀጥሎ የሁለት ሳምንቱን። ምግቡን ቀኑን ጠብቄ እሰጥ ስለነበር ጉዳት ያለው አልመሰለኝም።

ሰሙነ ሕማማት ገባ። ሰኞ ዕለት የሁለት ሳምንት ምልክት አደረግኩ። ማክሰኞ ማታ ያሳደገኝ አጎቴ መርጡለ ማርያም ማረፉ ተነገረኝ። ዶክተር አንተነህ አዲስ አበባ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ይርዳው ለበዓሉ ደብረ ወርቅ ገብቷል። የተቋሙን የሠራተኞች ኃላፊ ለሦስት ቀን በቃል አስፈቅጄ፣ ዘበኛው መብራቱንና ፓምፑን እንዲያይልኝ ለምኜ ረቡዕ ማለዳ ወጣሁ። ስለ ምግቡ ለማንም አልነገርኩም፤ በሦስት ቀን እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ዘመድ የመጣው ግን ከትንሣኤ በኋላ ነው። የአጎቴን ቤት ለቅሶ ደራሽ ሞልቶት ትቼ መውጣት አልቻልኩም። የተመለስኩት ለዳግማ ትንሣኤ ነው።

በማግስቱ ሰኞ ቤተ ሙከራ ስገባ ይርዳው ቀድሞኝ ጠርሙሶቹ ፊት ቆሟል። አረንጓዴው ወደ ቢጫ አድልቷል።

«እግዚአብሔር ያጽናዎ፣ እትዬ። አሁን ነው የሰማሁት» አለኝ። መርጡለ ማርያም ሰንብቼ መምጣቴን ግን አልሰማም። ከዚያ ወደ ጠርሙሶቹ ዞሮ «መልካቸው ተለወጠ አይደል? ለመሰብሰብ ደርሰዋል መሰለኝ» አለ።

መዝገቡን ገለጥኩት። ያልነበርኩባቸው የምግብ ቀናት ሁሉ ምልክት አላቸው። እስክሪብቶው በእጄ ነበር። ልሰርዝ አሰብኩ። ብሰርዝ ተራው ይበላሻል፤ ይርዳው ወር ሙሉ እንደገና ይጀምራል፤ እኔም ቀድሜ እንደምሞላ ይታወቃል። መዝገቡን ዘጋሁት።

ይርዳው አልጌውን ሰብስቦ አደረቀ፣ ፈጨ፣ በማሟሟቻ ዘይቱን አወጣ። ማሟሟቻው ተንኖ ሲያልቅ ጥቁር አረንጓዴ፣ ዓሣ ዓሣ የሚል ዘይት በብርጭቆው ግርጌ ይቀራል። ከሌሎቹ ኩሬዎች የቀረው ስስ ሽፋን ነበር። ከደብረ ወርቁ የቀረው ግን ብርጭቆው ሲዘነበል የሚፈስ ነበር። ይርዳው መዘነ። እንደገና መዘነ። ከዚያ ዶክተርን ሊጠራ ሮጠ።

ዶክተር አንተነህ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስተው አዩት።

«ይህ ምን ማለት እንደሆነ ገብቷችኋል?» አሉ። «አልጌን ናይትሮጅን ብትነፍጉት ዘይት እንደሚያከማች ዓለም ያውቃል። መራባት ስለማይችል ብርሃኑን ወደ ስብ ይለውጠዋል። ችግሩ ሲራብ አለማደጉ ነው። ይሄ ግን እየበላ፣ እያደገ ዘይት ሰጠ። እንዲህ ያለ ነው ሁሉም የሚፈልገው!»

መዝገቡን ገልጠው ምልክቶቹን በጣታቸው ተከተሏቸው።

«የእርስዎ መዝገብ ስለሆነ ነው እንጂ፣ ወይዘሮ ይታይሽ፣ ያልተመገቡ ናቸው ብዬ እምል ነበር» አሉ።

ይርዳው «ያውም የእኛ አገር ውሃ!» ብሎ ሳቀ።

እኔም ሳቅኩ። ልቤ ግን ያን ጊዜውኑ ጠርጥሯል። ጥቂት ቀን ሳይበሉ ቢቆዩ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል ወይ ብዬ ዶክተርን መጠየቅ እችል ነበር። አልጠየቅኩም። መጠየቁ መናገር ነበርና።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጃችን ወጣ። ዶክተር አንተነህ ሥራውን ለሚደግፉ ሰዎች ጻፉ፤ አዳዲስ መብራቶች ተላኩ። ይርዳው የመጀመሪያውን ርእሱን ትቶ ስለ ደብረ ወርቁ አልጌ ብቻ ሊጽፍ ወሰነ። እኔም ቀድሞ መሙላት አቆምኩ። በየሦስት ቀኑ፣ በሰዓቱ፣ ልክ እንደ ሕፃን መገብኳቸው። ጠርሙሶቹ እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆኑ። ዘይት የለም።

ዶክተር መብራቱን ጠረጠሩ፤ ተለወጠ። ቅዝቃዜውን ጠረጠሩ፤ ማሞቂያ ገባ። በመጨረሻ አልጌው ራሱ በጠርሙስ ውስጥ ሲኖር ጠባዩን ለውጦ ይሆናል አሉና አዲስ ውሃ እንድናመጣ ከይርዳው ጋር ደብረ ወርቅ ላኩኝ። ኩሬው ዳር ከብት የሚያጠጡ አንድ ሽማግሌ ይርዳውን አወቁት።

«አንተ መምህር፣ በጄሪካን ደግሞ ምን ልታደርገው ነው?»

«ዘይት ላወጣበት ነው፣ አባባ።»

«ከብቶቼ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠጥተውት አልሰቡበትም፤ አንተ ዘይት ታወጣበታለህ?»

ይርዳው ሳቀ። በሚኒባሱ ስንመለስ ግን ጄሪካኑን በእግሮቹ መካከል ይዞ ተቀመጠ። «ትምህርት ቤቱ ቦታዬን የሚጠብቅልኝ እስከ ከርሞ ሰኔ ነው፣ እትዬ» አለኝ። «ሚስቴ የእኔን ሸክም ለብቻዋ ይዛ ነው ያለችው። በባዶ እጄ ብመለስ ምን እላታለሁ?»

«ይሳካል» አልኩት። እንዲህ ያልኩት እኔ ነኝ።

በሐምሌ፣ ዝናቡ ሲጠና፣ የስላይድ ሣጥኔን አወጣሁ። ከጋሽ ምንውየለት የወረስኩት ልማድ ነበርና ከእያንዳንዱ ተራ አንድ አንድ ስላይድ አስቀርቼ ነበር። የፋሲካውን ሰሞን ስላይድ አዲስ ከተሰበሰበው ጋር አስተያየሁት። ሁለቱንም ስብ በሚያጠቁር ማቅለሚያ ነበር የቀለምኳቸው። አዲሱ ውስጥ ሕዋሶቹ ትናንሽና የተጨናነቁ ናቸው፤ ጥቁር ነጥብ የለባቸውም ማለት ይቻላል። በፋሲካው ውስጥ ግን አብጠዋል፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ሦስት ትላልቅ ጠብታ ይዘዋል። ከዚያ መስኮቱ ጥግ ላይ ተረስቶ ለሳምንታት ምግብ ካላገኘ አንድ አሮጌ ጠርሙስ ጠብታ ወስጄ ቀለምኩና አየሁ። ከፋሲካው ጋር አንድ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጥርጣሬ አልነበረም። አውቅ ነበር። ሆኖም ከሐምሌ እስከ ኅዳር ዝም አልኩ። ምክንያቱን ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ለጡረታ ጥቂት ዓመት ቀርቶኝ ነበር። የእኔ መዝገብ የማይጠረጠር ነው መባሉን ወድጄው ነበር። ዛሬ እናገራለሁ ብዬ እሄዳለሁ፤ ዶክተር አንድ አዲስ ሐሳብ ይዘው ይጠብቁኛል፤ ይህኛው ሙከራ ይለቅና እላለሁ። ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም።

በኅዳር አንድ ከሰዓት በኋላ ይርዳው ሚዛኑ አጠገብ ተቀምጦ ወረቀት ላይ ይጽፋል።

«ለማን ነው?» አልኩት።

«ለዶክተር ነው። የፋሲካውን ዘይት ስመዝን ተሳስቻለሁ ብዬ ልሰጣቸው ነው። ማሟሟቻው በደንብ ሳይተን መዝኜው ይሆናል።»

«ሁለት ጊዜ አይደል የመዘንከው?»

«ሁለት ጊዜ ነው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ሌላ ምን ይሆናል፣ እትዬ? መብራቱ ያው ነው። አልጌው ያው ነው። እርስዎ መግበዋል፤ በመዝገብ አለ። የሚቀረው የእኔ እጅ ነው።» እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ዶክተር በየቦታው ጽፈዋል፤ በኋላ ስማቸው ከሚነሳ የእኔ ይነሳ። እኔ ተመልሼ አስተምራለሁ፤ ለማስተማር ያለኝ ይበቃል።»

«ደብዳቤውን ተወው።»

«አልተወውም።»

«አልመገብኳቸውም» አልኩት።

አልገባውም። «እነማንን?»

«ስድስቱን። የፋሲካውን ሰሞን። መርጡለ ማርያም ለቅሶ ላይ ነበርኩ። ምልክቱን ሳልሄድ ቀድሜ ነው ያደረግኩት።»

ይርዳው የሚዛኑን ክዳን ዘጋው። የሚጮኽ መስሎኝ ነበር።

«መቼ ነው ያወቁት?» አለኝ።

«የዚያን ቀን ጠረጠርኩ። በሐምሌ አረጋገጥኩ።»

«በሐምሌ» አለ። «ደብረ ወርቅ ከሄድንበት በኋላ?»

«በኋላ። ግን በሚኒባሱም ውስጥ ስትነግረኝ እጠረጥር ነበር።»

የጻፈውን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ተነሳ። «እንግዲህ ለዶክተር እርስዎ ይንገሯቸው፤ እኔ አልናገርልዎትም» ብሎ ወጣ።

በዚያው ሰዓት ወደ ዶክተር አንተነህ ቢሮ ሄድኩ። መዝገቡንና ሁለቱን ስላይዶች ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ እንደሆነው ነገርኳቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙ።

«ለምን ዛሬ?» አሉኝ።

«መምህር ይርዳው ጥፋቱን በራሱ ላይ ሊያደርግ ስለነበረ ነው።»

«እሱ ባይጽፍስ ኖሮ?»

«አላውቅም» አልኩ። እውነቱ ይህ ነበር።

ዶክተር መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ሌላ ሰው ነግሮኝ ቢሆን አላምነውም ነበር» አሉ። ከዚያ በላይ አልተናገሩኝም። በማግስቱ ለጻፉላቸው ሰዎች ሁሉ ውጤቱ ስህተት መሆኑን ጻፉ። ለእኔ ማስጠንቀቂያ በፋይሌ ገባ። መዝገቡን ሌላ ሰው እንዲይዘው ተደረገ፤ የእኔ ሥራ ጠርሙስ ማጠብ ሆነ። አልተከራከርኩም። ሌላው ቀርቶ ጠርሙስ ሳጥብ ስንተኛው እንደሆነ ለራሴ እየቆጠርኩ ነበር የማጥበው።

ይርዳው ለሳምንታት ከሰላምታ ያለፈ አላናገረኝም። ከሰላምታው ግን አላጓደለም። አንድ ቀን እጄ በሳሙና ውሃ ውስጥ እንዳለ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«እትዬ፣ በጾም ወጥ የሚሠራው በምንድን ነው?»

«በዘይት ነዋ።»

«በፍስክስ?»

«በቅቤ።»

«እንግዲህ እኛ ስናስፈስካቸው ከርመን ዘይት አምጡ አልናቸው። ዘይት ያለው ከጾመኛ ቤት ነው።»

ሳቅኩ። እሱም ሳቀ፤ ከዚያም ሳቁን ቶሎ አቆመና «ገና አልረሳሁትም» አለኝ።

«መርሳትም የለብህም» አልኩት።

ከዚያ ሥራው ተስተካከለ። አልጌውን መጀመሪያ እየመገቡ ማብዛት፣ ከዚያ ምግቡን ማቋረጥ ነው። አዲስ ነገር አልነበረም፤ ሌሎች ቀድመው ያወቁት ነው። ግን በእኛ ብርድና በእኛ ፀሐይ ምን እንደሚሆን የሞከረው ሰው አላገኘንም። ይርዳው ምግቡን ለተለያየ ቀን ያህል እያቋረጠ አየ። ጥቂት ቀን ብቻ ከሆነ ዘይቱ አይከማችም፤ ሲበዛ ደግሞ ይሞታሉ። በጨለማ ማስራብ ጨርሶ አይጠቅምም፤ ዘይቱ የሚሠራው ከብርሃን ነው። በቅዝቃዜም ይቀንሳል። ከሌሎቹ አራት ኩሬዎች የመጡትም ሲራቡ ዘይት ሰጡ። የደብረ ወርቁ የተለየ አልነበረም። ይህ ሲታወቅ ይርዳው ትንሽ አዘነ።

ሰኔ ሲደርስ ሥራው አላለቀም። ይርዳው ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰ፤ ለሚቀጥለው ዓመት በየቅዳሜው በሚኒባስ እየመጣ ቀጠለ። አብረውት የገቡት ሲመረቁ እሱ አልተመረቀም። መዝገቡ ከክረምቱ በኋላ ለእኔ ተመለሰልኝ፤ የመለሱልኝ ዶክተር ናቸው፤ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠውት ሄዱ። በዚያ ዓመት ካወጣነው ዘይት አንዲት ትንሽ ብልቃጥ የማትሞላ ባዮዲዝል ተሠራች። ለሞተር ስለማትበቃ በኩራዝ አድርገን አነደድናት። ንጹሕ ብርሃን ነበራት፤ ጭሷ ትንሽ ነው። ለአንድ መኪና የሚበቃ ለማግኘት ግን ሰፊ ኩሬ፣ ብዙ ኤሌክትሪክና ብዙ ሰው ይፈልጋል፤ ደጋፊዎቹም ወደ ሌላ ሥራ ዞሩ።

ይርዳው ጽሑፉን ለፈታኞች የሚያቀርብበት ቀን ከመድረሱ በፊት ቅዳሜ ዕለት መጣ።

«ስለ ፋሲካው ሰሞን አንድ ገጽ ጽፌያለሁ» አለኝ። «ቴክኒሻን ብዬ ልለፈው ወይስ ስምዎን ላንሳ?»

«አንሳው።»

«ዘመድ አዝማድ ያነበዋል።»

«አንሳው አልኩህ።»

በቀኑ ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ሚስቱ ከፊት ነበረች። ከሌላ ከተማ የመጡት ፈታኝ ሽበታም፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አድርገው አንዱ ላይ ቆሙ።

«እዚህ ላይ ስድስቱ ጠርሙሶች ለአሥራ አንድ ቀን አልተመገቡም ይላል። መዝገቡ ሐሰት ከሆነ አሥራ አንድ መሆኑን በምን አወቅህ?»

«መዝገቡን የሞሉት ራሳቸው ነግረውኝ ነው» አለ ይርዳው። «ወይዘሮ ይታይሽ እዚህ አሉ።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ተነሳሁ።

«እርግጠኛ ነዎት?» አሉኝ ፈታኙ።

«እርግጠኛ ነኝ። የሄድኩት የሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ነው፤ የተመለስኩት የዳግማ ትንሣኤ ዕለት ነው። አጎቴን የቀበርኩበት ሳምንት ስለሆነ አይጠፋኝም።»

«በመዝገቡ ላይ ግን ተመግበዋል ይላል።»

«አዎ። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ውሸት ነው።»

ፈታኙ ጽሑፉ ጠርዝ ላይ አንድ ነገር ጻፉ። «አመሰግናለሁ፤ ይቀመጡ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። እሳቸው ገጹን ገልጠው ይርዳውን ስለ ብርሃኑ ጠየቁት።